አደይ ያላችሁት መጭ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በመስከረም እትማችሁ «አደይ አበባ በጅማ ቦዬ ረግረግ ዳር» ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ የመጭ ነው፤ መጭ የኑግ ዘመድ የሆነ ቢጫ አበባ ያለው የዱር ተክል ነው። በግራ ጥጉ ከሳሩ ወጣ ብሎ የሚታየው ቅጠል አንድ ወጥ ነው፤ አደይ እንዲህ ያለ ቅጠል የለውም። በኦሮምኛም ስማቸው ለየብቻ ነው፦ አደይ ኬሎ፣ መጭ ቱፎ።

ሰው የሚሳሳተው አበባውን ከላይ ብቻ ስለሚያይ ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ የሁለቱም የዳር ቅጠል (አበባውን የከበበው ቢጫ ቅጠል) ብዙ ጊዜ 8 ስለሆነ መቁጠሩ ልፋት ብቻ ነው። ይልቅ ወደ ግንዱ መካከል ውረዱ። የአደይ ቅጠል እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ግን ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ያለ ዘንግ ግንዱን አቅፎ የሚቀመጥ ነው። አበባው ሥር ባሉት ቅጠሎች አትፍረዱ፤ እዚያ ሲደርስ የአደይም ስንጥቅ ይቀንሳል።

ቀጥሎ አበባውን ገልብጡት። መጭ ከቢጫው ሥር 5 ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉት፣ እንደ ስኒ ይዘውታል። የአደይ ውጪኞቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ቁጥራቸውም ይበዛል፤ ከውስጥ ያሉት ስስና ቡናማ መስመር ያለባቸው ናቸው። ለፎቶ ከዚህ ጀርባ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁንም ካጠራጠረ አንዱን የዳር ቅጠል ከሥሩ ንቀሉ። የመጭ ለጋ ፍሬ ይዞ ይወጣል፤ በአጉሊ መነጽር እግሩ ላይ ፀጉር ይታያል። የአደይ የዳር ቅጠል መካን ነው፣ ፍሬ አይቋጥርም። ሲደርቅማ ነገሩ ያለቀለት ነው፦ የአደይ ፍሬ ጠፍጣፋ ሲሆን የመጭ 3 ወይም 4 ማዕዘን ያለው፣ የሚያብለጨልጭና እሾህ የሌለው ነው። ኑግ የለቀመ እጅ ወዲያው ይለየዋል። የኑግ ፍሬ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ የመጭ ያንሳል። ኑግና መጭ ዘመዳሞች ስለሆኑና ሁለቱም 30 ክሮሞዞም ስላላቸው ይዳቀላሉ፤ ኑግ ማሳ ዳር መሃል ሰፋሪ መልክ ያለው ተክል ብታገኙ አይግረማችሁ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። መጭ ዓመታዊም አለ፣ ለብዙ ዓመት የሚቆይም አለ። ለመለየት ሥሩ መታየት አለበት፤ እርጥብ ጭቃ ላይ በእጅ ከጎተቱት ግንዱ ተበጥሶ ሥሩ ስለሚቀር በቢላ ዙሪያውን ቆፍሮ ማንሳት ነው። ዓመታዊው ቀጭን ሥር ብቻ ይዞ ይወጣል። ሌላኛው እንጨት የመሰለ ወፍራም ጉቶና የአምና ግንድ ቅሪት አለው።

አደይ የምንለውም በሳይንስ ስሙ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ከአንድ በላይ ዝርያ ነው፤ ቢሆንም በብዛት የሚታየው ተዳፋትና መንገድ ዳር ነው። ውሃ የተኛበት መስክ ላይ ቢጫ ካያችሁ መጀመሪያ መጭን ጠርጥሩ።

የፎቶውን መግለጫ እንድታርሙልን እንጠይቃለን። ፎቶ አንሺያችሁም በሚቀጥለው ጊዜ አበባውን ከጀርባው፣ ቅጠሉንም ከግንዱ መካከል ጨምሮ ያንሳልን።

ከአክብሮት ጋር
ከጅማ