ያቺ ብርቱካናማ ተርብ ኦፊዮን አልነበረችም

ሰላም ነሽ ወይ ወዳጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ሁለት አመት ሙሉ ድምጼን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ብቅ ስል "ሰውዬው አለ እንዴ" እንደምትይ አውቃለሁ፣ በይ ግዴለም ስደቢኝ። ስራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ አስቤ ነበር ግን አንቺ ውሸቴን ገና ከሩቁ ስለምታውቂው እውነቱን ተናግሬ ብገላገል ይሻለኛል። የጠፋሁት በአንዲት ተርብ ምክንያት ነው። አትሳቂ።

ያቺን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ማታ መብራት ላይ የመጣችውን፣ ቀጭን፣ ብርቱካናማ፣ ወገቧ ክር የሚያክል፣ አንቴናዋ ሰውነቷን የሚያህል። "ይቺ ምንድናት፣ ትነድፋለች ወይ" ብለሽ ላክሽልኝ፣ እኔ ደግሞ ፎቶው በቅጡ ሳይከፈትልኝ "ኦፊዮን ናት፣ ጥገኛ ተርብ ናት፣ አይዞሽ አትነድፍም፣ እንቁላሏን አባጨጓሬ ሆድ ውስጥ ነው የምትጥለው" ብዬ ደረቴን ነፍቼ መለስኩልሽ። በሳምንቱ ደግሞ የአባጨጓሬ ፎቶ ልከሽ "ከራሱ ኋላ የተለጠፉት ጥቁር ፍሬ የሚመስሉት ነገሮች የሷ እንቁላል ይሆኑ እንዴ?" ስትዪኝ ሳቅኩብሽ። ሳቅኩብሽ እኮ! ውስጥ ነው የምትጥለው አላልኩሽም ወይ ብዬ አስተማሪ ሆንኩብሽ። ከዛ በኋላ አንቺም ዝም አልሽ።

ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ።

የነቃሁት ከወራት በኋላ ነው፣ ከወጥመድ የመጣ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ተርብ እየለየሁ ሳለ ያንቺዋን የምትመስል አንዲት ብርቱካናማ ማይክሮስኮፕ ስር ገባች፣ ክንፏን ሳይ የሆነ ነገር ቅር አለኝ፣ ሮጬ ስልኬን ከፍቼ ያንቺን ፎቶ ዙም አደረግኩት። ክንፏ ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ጫፍ ሲል፣ መስመሮቹ አጥረዋት የተቀመጠች ሚጢጢ ሶስት ማዕዘን አለች፣ ባለሙያዎቹ አሪዮሌት ይሏታል። ኦፊዮን ላይ እሷ የለችም። ያንቺዋ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ፎቶው ላይ ሁሉ በግልጽ ትታያለች፣ ዓይን ያለው ሰው ቢያይ። ኔቴሊያ የምትባል ሌላ ጥገኛ ተርብ ነበረች። ኔቴሊያ ደግሞ አባጨጓሬውን ለጥቂት ጊዜ ታደነዝዘውና ጥቁር የሚያብለጨልጭ እንቁላሏን ከውጭ፣ ቆዳው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከራሱ ኋላ በኩል አፉ በማይደርስበት ቦታ በትንሽ እግር ነገር ሰክታ ነው የምትሄደው። ያልሽውን በቃል አስቢው እስኪ። እና ደግሞ ትነድፋለች፣ ከያዝሻት በደንብ ነው የምትወጋው። ይሄንንም ተሳስቼ ነበር፣ ለነገሩ ኦፊዮንም ብትሆን ትወጋለች፣ ስለዚህ በየትኛውም በኩል አላመለጥኩም።

በቃ አፈርኩ። ዛሬ እጽፋለሁ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ይኸው።

ግን ለምን እንደተሳሳትኩ ልንገርሽ ምክንያቱም ስህተቱ የኔ ብቻ አይደለም (ትንሽ ላመካኝ)። ማታ የሚበሩ ጥገኛ ተርቦች የቅርብ ዘመድ ያልሆኑትም ጭምር ብዙዎቹ አንድ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ፣ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ቀለም፣ ረጅም አንቴና፣ አናታቸው ላይ ያሉት ሶስቱ ትንንሽ ዓይኖች ደግሞ እንትን ብለው ያበጡ፣ ለጨለማ መሆኑ ነው። ኦፊዮን እንዲህ ናት፣ ኔቴሊያ እንዲህ ናት፣ ኤኒኮስፒለስ የምትባለውም እንዲሁ፣ ይባስ ብሎ ሌላ ቤተሰብ የሆኑት ብራኮኒዶች ውስጥም እንደዚሁ የለበሱ አሉ። ስለዚህ ብርቱካናማ ናት ማለት ማታ ትሰራለች እንደማለት ነው እንጂ ማን እንደሆነች አይነግርሽም። እኔ ያየሁት ዩኒፎርሙን ነው፣ ሰውዬውን አላየሁም።

መታየት ያለበት ክንፉ ነው። መጀመሪያ መሀል አካባቢ ከላይ ወደ ታች የሚሻገሩትን መስመሮች ትቆጥሪያለሽ፣ ሁለት ከሆኑ ኢክኒውሞኒድ (እነ ኦፊዮንና ኔቴሊያ ያሉበት ቤተሰብ)፣ የውጪዋ ጠፍታ አንድ ብቻ ከቀረች ብራኮኒድ። ኢክኒውሞኒዶቹ ላይ ደግሞ ሁለት ክፍሎችን መለየት የነበረበት መስመር ስለጠፋ አንድ ሰፊ ቦታ ይፈጠራል፣ ቅርጹ ቁርጥ የፈረስ ራስ፣ አንዴ ካየሽው በቃ ከዛ በኋላ እሱን ሳታዪ ክንፍ ማየት አትችይም። አልፎ አልፎ የሚያፈነግጥ አለ፣ ያኔ ሆዱን ታዪያለሽ፣ ብራኮኒዶች ላይ የሁለተኛውና የሶስተኛው አንጓ ጀርባ ተጣብቆ አይተጣጠፍም። ኤኒኮስፒለስ ከሆነች ክንፏ ላይ ፀጉር የሌለው የተላጨ የሚመስል ቦታ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ እዛ ውስጥ ጠንካራ ነጠብጣብ ታገኚያለሽ። በጣም ነው የምታምረው በነገራችን ላይ።

ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር፣ ወገብ የምንለው ወገብ አይደለም። የሆዱ የመጀመሪያ አንጓ ወደፊት ሄዶ ደረቱ ላይ ተጣብቋል፣ ያ ቀጭኑ ቦታ የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ደረት ብለሽ የምትነኪው ነገር የኋላ ጫፉ ሆድ ነው። ይሄን ሳላውቅ ስንት ጊዜ አንጓ ቆጥሬ ተሳስቻለሁ መሰለሽ።

ካልሲዶች የሚባሉት ሌሎች ተርቦች ጋ ስትሄጂ ሌላ ዓለም ነው፣ ብዙዎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ አረንጓዴ ሰማያዊ ብረት ይመስላሉ፣ አንቴናቸው እንደ ክርን የታጠፈ፣ ክንፋቸው ላይ ያለው መስመር ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ ስለሆነ የፈረስ ራስ ምናምን የሚባል ነገር የለም፣ እግር ትቆጥሪያለሽ። የእግሩ ጫፍ ሶስት አንጓ ከሆነ ቤተሰቡ ትሪኮግራማቲድ፣ አራት ሲሆን ብዙ ጊዜ ዩሎፊድ። ወፍራም ጭን ያለው፣ ጭኑ ከስሩ ጥርስ ያወጣ ካየሽ ካልሲዲድ ነው ብለሽ ብትገምቺ አታፍሪም።

ቀለም ስንት ሰው እንዳሳሳተ ሳይ ግን ትንሽ ተጽናናሁ። ትሪኮግራማ የምትባለዋ አንድ ሚሊሜትር እንኳን የማትሞላ ናት፣ የሌላ ነፍሳት እንቁላል ውስጥ የምታድግ፣ ለተባይ መከላከያ በብዛት እየተራባች የምትለቀቅ። እሷን ለረጅም ጊዜ በቀለም ነበር የሚለዩዋት፣ ቀለሟ ግን ባደገችበት ሙቀት ይቀያየራል፣ መጠኗ ደግሞ በበላችው እንቁላል ልክ ነው። ነገሩ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወንዶቹን የመራቢያ አካል ስላይድ ላይ አድርገው ማየት ሲጀምሩ ነው። እኔ ባንዲት ፎቶ ተሳሳትኩ፣ እነሱ አገር ሙሉ ተርብ እየለቀቁ ስሙን ተሳስተው ነበር።

ዓይን ራሱ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ኮስታሪካ ውስጥ ማይክሮጋስትሪን የሚባሉትን ትንንሽ ብራኮኒዶች ከአባጨጓሬ እያሳደጉ ሲያጠኑ በቅርጽ ብቻ 171 ዝርያ ለይተው ነበር፣ ዲኤንኤያቸው ሲታይ 313 ሆኑ፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል። አንድ ሲመስሉ የነበሩት የተለያየ አባጨጓሬ ነው የሚበሉት። ይሄን ሳነብ ያንቺ ነገር ነው ትዝ ያለኝ፣ አንቺ ተርቧን ሳይሆን አባጨጓሬውን ነበር ያየሽው፣ እኔ ደግሞ ስሙን ይዤ አባጨጓሬውን ለማየት እንኳን እምቢ አልኩ።

እና አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ያቺን ተርብ በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ አስቀምጫታለሁ ብለሽኝ ነበር። አለች? ኔቴሊያ መሆኗን ከፎቶው አምኛለሁ ግን ኔቴሊያ ውስጥ ከ300 በላይ ዝርያ አለ፣ እነሱንም በደንብ የሚለያቸው የወንዱ የመራቢያ አካል ስለሆነ ሴት ከሆነች የዝርያ ስም አልሰጥሽም፣ ከእንግዲህ በግምት ስም መስጠት አቁሜያለሁ። አትላኪያት፣ መንገድ ላይ አንቴናዋ ይሰበራል። የቀኝ ክንፏን ቀስ ብለሽ መስታወት ላይ ዘርጊውና አንድ ጠብታ አልኮል ጣል አድርጊበት፣ መብራቱን ከስር አድርገሽ አንሺው። ከዛ የሆዷን የመጀመሪያ አንጓ በጎን አንሺልኝ፣ እዛ ላይ ያለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ከመሀል ወደፊት ከሆነች ኔቴሊያ፣ ከመሀል ወደኋላ ከሆነች ኦፊዮን ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ልጽፍልሽ ነው።

አባጨጓሬውስ ምን ሆነ በመጨረሻ? አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅኩሽም።