ግርማይ አባቱ ናቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በፈረንጆቹ 2024 ስለተካሄደው የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ነው የላከልኝ። "የአገርህን ልጅ አየኸው?" እያሉ። እኔም የዋህ ነኝ፣ ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ደግሜ አነበብኩ። ጊርሜይ፣ ይላል ጽሑፋችሁ፣ እ.ኤ.አ በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፎ፣ ስምንት ዓመት በትዕግሥት ጠብቆ ለድል በቃ።

የትኛው ጊርሜይ?

ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ አስመራ ውስጥ በፈረንጆቹ 2000 ነው የተወለደው። በ2016 ገና 16 ዓመቱ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ቱር ደ ፍራንስ ይዞ የሚሄድ ቡድን ካወቃችሁ ንገሩኝ፣ የእህቴ ልጅ ሥራ ፈቶ ቤት ተቀምጧል። የቢንያም የመጀመሪያ ቱር 2023 ነው። ያኔ አልቀናውም። በዓመቱ ተመልሶ ነው ጉድ ያሰኘው።

በ2016 የተሳተፈው ሌላ ሰው ነው። ጽጋቡ ግርማይ ይባላል፣ የማይጨው ልጅ። እኔም የማይጨው ልጅ ነኝ፣ ንዴቴ ከየት እንደመጣ ይኸው ተናገርኩ። ላምፕሬ ሜሪዳ ለሚባለው የጣሊያን ቡድን ነበር የሚወዳደረው፤ በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እናንተ ሁለቱን ሰዎች ጨፍልቃችሁ አንድ አደረጋችኋቸው። ቢንያም ያላደረገውን ስምንት ዓመት መጠበቅ ተሸከመ፣ ጽጋቡ ደግሞ ጭራሽ ተነነ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩት፣ ስሙ አንድ ቦታ የለም።

ሰው እንዴት እንደተሳሳተ ሳያጣሩ መፍረድ ጥሩ አይደለም ብዬ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ፈረንጅ ሁለቱንም በመጨረሻ ስማቸው ስለሚጠራቸው እንግሊዝኛውን የተረጎመው ልጅ "ግርማይ" ያለበትን ሁሉ አንድ ሰው ነው ብሎ ሰበሰበው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቢንያም ያሸነፈበት ውድድር በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 22 እስከ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም ነው የተካሄደው። አያችሁ? 2016። አንዱ 2016 የእነሱ ነው፣ አንዱ 2016 የእኛ። ያ ስምንት ዓመት ትዕግሥት አይደለም ወንድሞቼ፣ የካሌንደር ልዩነት ነው!

ይኼን ሁሉ ምን አስለፈለፈህ ትሉኝ ይሆናል። የምኖረው ጀርመን ነው። የእኔም አባት ስማቸው ግርማይ ነው። 14 ዓመት ሙሉ እዚህ አገር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የቤት ኪራይ ውሉ በእሳቸው ስም ነው። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተቀምጬ ጸሐፊዋ ብቅ ብላ "ሄር ግርማይ!" ስትል የምነሳው እኔ ነኝ፣ በየጊዜው አንድ ሰከንድ ዘግይቼ፣ ምክንያቱም በዚያች ሰከንድ አባቴ ከኋላዬ የገቡ ይመስለኛል። ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የፈረንጁን ለምጄዋለሁ፣ ፎርሙ ሌላ ሳጥን የለውም፤ ስም አለ፣ የቤተሰብ ስም አለ፣ በቃ። የእናንተ ፎርም ግን አማርኛ ነው! አንድን ሰው በአባቱ ስም ብቻ ብትጠራ ያሸነፉት አባቱ እንደሆኑ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ የት ነው ያገኛችሁት? የቢንያም አባት አቶ ግርማይ አናጺ ናቸው። ልጃቸውን ቱር ደ ፍራንስ በቴሌቪዥን አብረው እያዩ ነው ያሳደጉት፣ ልጃቸው ባሸነፈባት በጣሊያኗ ቱሪን ላይ ግን ፔዳል አልመቱም። የጽጋቡ ደግሞ ይብሳል፤ ሙሉ ስሙ ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ ነው፣ ስለዚህ አውሮፓ በአያቱ ነው የሚጠራው። እናንተ እንግዲህ የአንዱን አባትና የአንዱን አያት ነው ያቀላቀላችሁት።

አጻጻፉስ? "ጊርሜይ"! ከእኛው ፊደል ወጥቶ፣ በእንግሊዝኛ ተጉዞ፣ ተሰባብሮ ተመለሰ። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሌሎቹን የኤርትራ ብስክሌተኞች፣ መርሃዊ ቅዱስን "ኩዱስ" ብላችሁታል፣ ናትናኤል ብርሃነን "በርሃኔ"። ቅዱስ የሚለውን ቃል ለመጻፍ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል? ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንጆቹ 2015 የተራራ ንጉሥ የሚባለውን ቀይ ነጠብጣብ ማልያ ለብሶ አራት ቀን ሲቆይ ደግሞ ያን ጊዜ "ተክለሃይማኖት ነጠብጣቡን ማልያ ለበሱ" የሚል ርዕስ በዚህችው ዓይኔ አይቻለሁ። ጻድቁ አባታችን ይቅር ይበሉን። እናቴ በስልክ ሳነብላት አማተበች።

ስለ ውድድሩ የጻፋችሁትም ቢሆን ቅዝቅዝ ያለ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰኞ ነበር፣ ሰኔ 24፣ ከፒያቼንዛ ቱሪን፣ 230 ኪሎ ሜትር። እኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ ነው፣ ስልኬን የፕላስተር ጥቅልል ላይ አስደግፌዋለሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ከመሐል ሰው ወደቀ፣ ቤልጂየማዊው ፊሊፕሰን ከኋላ ቀረ። ከዚያ ያ ልጅ በቀኝ በኩል፣ አጥሩን ታክኮ፣ አንድ ሰው በማያሳልፍ ክፍተት ሾልኮ ወጣ። ኮሎምቢያዊው ጋቪሪያ ሁለተኛ። ጮህኩ። ፕላስተሩ ተንከባለለ፣ ስልኩ ወደቀ። አብሮኝ የሚሠራው ቱርክ ሮጦ መጥቶ ስልኩን አነሳና ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ስም አነበበ፣ ቀጥሎ ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ አነበበ፣ ቀና ብሎ "ወንድምህ ነው?" አለኝ። ምን ልበለው? አዎ አልኩት። እስከ ዛሬ አላረምኩትም። እኔ ግን ጋዜጣ አይደለሁም።

ከቱሪን በኋላ ኮሎምቤ ላይ ደገመ፣ ቪልኔቭ ሱር ሎት ላይ ሠለሰ። ኒም ሲደርሱ መጨረሻው ላይ ወደቀና ቆስሎ ገባ፣ ያን ቀን እኔ እራት አልበላሁም። ሆኖም በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያ በ387 ነጥብ፣ ፊሊፕሰንን በ33 በልጦ፣ ኒስ ድረስ ይዞት ገባ። (ኒስ፣ ፓሪስ አይደለም፤ ያን ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ ነበረባት። ይኼንንም ተሳስታችኋል፣ ግን ልለፈው።)

አንድ ምዕራፍ፣ ማለትም የአንድ ቀን ውድድር፣ በማሸነፍ "የመጀመሪያው አፍሪካዊ" ያላችሁት ላይ አንድ ቃል ጎድላለች፤ ጥቁር የምትል። ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ሀንተር በፈረንጆቹ 2007 ሞንፔሊዬ ላይ አንዱን ምዕራፍ አሸንፏል። ከዚያም በፊት በ1950 ለሰሜን አፍሪካ ቡድን የተሰለፈው የአልጄሪያው ማርሴል ሞሊኔስ አንደኛ ገብቷል። የት? ኒም፣ ቢንያም የወደቀባት ያቺው ኒም። ይኼን የመሰለ ነገር እያለላችሁ ስምንት ዓመት ትዕግሥት ፈጠራችሁ።

አንድ ነገር እንዳይዛነፍብኝ። ድሉ የቢንያምና የአስመራ ነው። በጎረቤት ሰርግ ሙሽራ ነን የሚል ሰው አይደለሁም፣ ጽጋቡ ይህን ሠራ፣ ያን አሸነፈ ብዬም አልዋሽም። የምለው፣ ሰውየው እዚያ ነበር። ከማይጨው ተነስቶ እዚያ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የፈለገ አንዴ የአላጄን ጠመዝማዛ በሳይክል ይውጣ። እኔ በ15 ዓመቴ፣ በኪራይ ሳይክል፣ ፍሬኑ በሽቦ የታሰረ፣ ሞክሬው ግማሹን ገፍቼ ነው የወጣሁት። ባለቤቱ የዘገየሁበትን ሰዓት ሁሉ አስከፈለኝ። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ እንኳ፣ ሜልቦርን 1956፣ እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ይዛ ነው የሄደችው። ሩጫ ብቻ እንደነበረን አድርጋችሁ የምትጽፉት ግን ሁልጊዜ ነው።

ጽሑፉ ሥር አስተያየት ጽፌ ነበር፣ በጨዋ ቋንቋ። በማግስቱ ጠፋ። ለዚህ ነው ደብዳቤ ያደረግሁት። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሦስተኛውን አንቀጽ አርሙ። ቢንያምን ቢንያም በሉት። ጽጋቡን አንድ መስመር ስጡት።

ስሜን ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ከጻፍኩት ነገ "ጊርሜይ ቅሬታ አቀረበ" ብላችሁ ታወጡና፣ ሰው ደግሞ ቢንያም ነው ይላል።

የማይጨው ልጅ፣ ከጀርመን