ቁስሉ ጠፋ እንጂ በሽታው አልዳነም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አባላዘር በሽታ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን ቁጭ አድርጌ ጮክ ብዬ። ሁለታችንም የቆምነው አንድ ቃል ላይ ነው። ስለ ቂጥኝ በጻፋችሁበት አንቀጽ «ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል» ብላችኋል። ከዚያ ወደ ጨብጥ አለፋችሁ። በቃ።

ይድናል? ምኑ ነው የሚድነው?

ባለቤቴም ያኔ ያለው ይህንኑ ነበር። ከመጋባታችን በፊት ጥጥ ለቀማ አፋር ወርዶ ነበር። እዚያ ሳለ ብልቱ ላይ አንድ ቁስል ወጣበት። አያመውም፣ አያሳክከውም። ወር ሳይሞላው በራሱ ጊዜ ጠፋ። «ዳንኩ» ብሎ ተወው። ቆይቶ ገላው ላይ ሽፍታ ወጣ፣ መዳፉ ላይ ሳይቀር። እሱ የቆላ ሙቀት መስሎታል። ሠርጋችን የነበረው በዚያው ሰሞን ነው።

የቂጥኝ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ባክቴሪያው ግን ደም ውስጥ ገብቷል። ሽፍታውም መጥቶ ይጠፋል። ከዚያ ለዓመታት ዝም ይላል። ካልታከመ ውሎ አድሮ ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንን ይጎዳል። የያዛት ሴት ካረገዘች ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል።

የመጀመሪያ ልጄ በስምንተኛው ወር ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛው በሕይወት መጣ፤ ሳምንት አልሞላውም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሾተላይ ነው» አለ፣ አማቴም ጭምር። ጠበል ተጠመቅሁ። ያልጠጣሁት ሥር፣ ያላሰርኩት ክታብ የለም። ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት እኮ የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም ነው፤ እሱም በደም ምርመራ ይለያል። የእኔን ደም ግን ማንም አላየውም። በሁለቱም እርግዝና ክትትል ሄጃለሁ። የሄድኩበት ጤና ተቋም በመጀመሪያው «መመርመሪያው አልቋል» አለኝ። በሁለተኛው ጭራሽ ያነሳልኝ የለም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛውን ሳረግዝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ጣቴን ወግታ ደም ወሰደች። ውጤቱን በዚያው ቀን ነገረችኝ። «እህቴ፣ ባልሽን ይዘሽው ነይ፤ እሱ ካልታከመ ተመልሶ ይይዝሻል» አለችኝ። ሁለታችንም የፔኒሲሊን መርፌ ተወጋን፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ3 ሳምንት። ከያዘን ስለቆየ ነው 3 ሳምንት የሆነው። ገና በጠዋቱ ቢደረስበት የአንድ ቀን መርፌ ይበቃን ነበር። የአንድ ቀን! ልጄ ዛሬ 3 ዓመቷ ነው። ደጅ ስትሮጥ ድምፅዋ እየተሰማኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ያነጋገራችኋቸው እነማንን ነው? የከባድ መኪና ሾፌሮችንና የቡና ቤት ሴቶችን። ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት፣ መንገድ ዳር የሚያድሩትን ብቻ። ፎቶውም የእነሱ ነው። እነዚያ ሴቶች ምን በደሏችሁ? እኔ የማውቃቸው ስለ ኮንዶም ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፣ ይመረመራሉም። እኔ ኮንዶም በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ባለትዳር ነኛ! የመንዝ ገበሬ ሚስት ዘገባችሁ ውስጥ የት አለች? የቤት እመቤቷስ? ያነበበችው ሴት «ይሄ የመንገድ ዳር ሰው ጣጣ ነው» ብላ ጋዜጣውን ታጥፈዋለች። እኔም ድሮ ቢሆን አጥፈው ነበር።

መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምልክት ያየ ሰው ይመርመር» ብላችሁ ዘጋችሁት። ምልክት ያላየውስ? ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ ከያዛቸው ሴቶች ብዙዎቹ ምንም አይታያቸውም። በሽታው ግን ወደ ማህፀን ዘልቆ የእንቁላሉን መተላለፊያ ቱቦ ሊደፍን ይችላል። ከዚያ ሴትየዋ «መካን» ተብላ ትፈታለች። ባል ሌላ ያገባል፤ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። እናቶቻችን ጨብጥ የሚይዘው ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሲሸና ነው ይሉ ነበር። በእነሱ አልፈርድም፣ የነገራቸው አልነበረም። እናንተ ግን አንድ ሐኪም መጠየቅ አቅቷችሁ ነው?

ስለዚህ እርማት አውጡ። በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁን። «ይድናል» የሚለውን «ይጠፋል» በሉት። «በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቆያል» የሚል ጨምሩበት። ነፍሰ ጡር ሴት በመጀመሪያው የክትትል ቀን የቂጥኝ ምርመራ ትጠይቅ፣ «አልቋል» ካሏትም ሌላ ቦታ ሄዳ ትመርመር ብላችሁ ጻፉ። ባሏም አብሯት ይሂድ።

ባለቤቴ «ስማችንን ጻፊው፣ ምን እንዳይሆን ነው» ብሎኛል። የተውኩት እኔ ነኝ፣ ለልጄ ብዬ።

አንዲት እናት፣ ከደብረ ሲና