የኮምፒውተር ክበብ፦ ይቆማል ወይስ አይቆምም?

ዘንድሮ የኮምፒውተር ክበባችን እንደ ልማዱ አዳዲስ አባላትን የፕሮግራም አጻጻፍ አስተምሯል። ከሁሉም በላይ ልባችንን የገዛው ግን አንድ ጥያቄ ነው። የማንኛውንም ፕሮግራም ጽሑፍና ግብዓት ተቀብሎ፣ ሥራውን ጨርሶ ይቆም ወይም ለዘለዓለም ይሽከረከር እንደሆነ ሳይሳሳት የሚነግረን ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል?

ጥያቄውን ያነሡት አባላቱ ናቸው። የጻፉት ፕሮግራም መልስ ሳይሰጥ ሲቆይባቸው ገሚሱ «እንታገሠው»፣ ገሚሱ «እናቋርጠው» እያለ ይከራከር ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «መቶ እርምጃ እንቁጠር፤ እስከዚያ ካልቆመ አይቆምም እንበል» የሚል ሐሳብ አቀረበች። ለመፈተኛ የኮላትስን ሕግ መረጥን። ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት ይካፈላል፤ ኢተጋማሽ ከሆነ በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል፤ 1 ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከ26 ስንነሣ በ10 እርምጃ አለቀ። ከ27 ስንነሣ ግን ቁጥሩ እየወጣና እየወረደ እስከ 9232 ደረሰ፤ 1 ላይ ያረፈውም በ111ኛው እርምጃ ነው። ሊጨርስ 11 እርምጃ ብቻ ሲቀረው «አይቆምም» ተብሎ ተፈርዶበት ነበር! ወሰኑን ብናሳድገውም ከዚያ የሚበልጥ ፕሮግራም ሁልጊዜ ይገኛል።

ሌላው ሐሳብ የተሻለ ነበር፦ ኮምፒውተሩ የያዘው ነገር በሙሉ ቀድሞ እንደነበረው ከተደገመ፣ ፕሮግራሙ መውጫ የለውም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በየእርምጃው 1 እየደመረ የሚቀጥል ፕሮግራም አንዳች ሳይደግም ለዘለዓለም ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 መሠረቱን ወደጣለው ማስረጃ ገባን። ሁለት ተማሪዎች በክፍሉ ፊት ቆመው ሠሩት። አንደኛው «ፈራጅ»፣ ማለትም ይቆማል ወይም አይቆምም ብሎ ሳይሳሳት ይመልሳል የተባለው ፕሮግራም፣ ሌላው «አፍራሽ» ሆነ። አፍራሽ የአንድን ፕሮግራም ጽሑፍ ተቀብሎ «ይህ ፕሮግራም የራሱ ጽሑፍ ቢሰጠው ይቆማል?» ብሎ ፈራጅን ይጠይቃል። «ይቆማል» ከተባለ ይሽከረከራል፤ «አይቆምም» ከተባለ ወዲያው ይቆማል። ከዚያም ለአፍራሽ የራሱን ጽሑፍ ሰጠነው። ፈራጅ የሆነው ልጅ «ይቆማል» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው፤ «አይቆምም» ሊልም አልቻለም። የትኛውንም ቢመልስ ስሕተት ይሆናል።

«ፈራጁን እናሻሽለዋ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ግሩም ተቃውሞ ነበር፤ ብዙም አከራከረን። መልሱን ያገኙት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው፦ ከተሻሻለው ፈራጅም አዲስ አፍራሽ ይሠራል። የኮምፒውተሩ ፍጥነትም አያድነውም፤ በማስረጃው ውስጥ ስለ ፍጥነት የተባለ ነገር የለምና። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያልተጻፈው ጎበዝ ጠፍቶ አይደለም፤ ሊኖር ስለማይችል ነው። በዚህ ዕድሜ ይህን ልዩነት አጥርቶ ማየት ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ፈራጁ ቢኖር ኖሮ ስንቱ የሒሳብ ጥያቄ በተፈታ! የሒሳብ ሊቁ ጎልድባኽ እ.ኤ.አ. በ1742 ካነሣው ሐሳብ የመጣ፣ እስካሁን ያልተፈታ ጥያቄ አለ፦ ከ2 የሚበልጥ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ድምር ነውን? ይህን የሚያፈርስ ቁጥር ሲያገኝ ብቻ የሚቆም ፕሮግራም መጻፍ ቀላል ነው፤ ፈራጁም አንድ ቃል ተናግሮ በገላገለን ነበር።

ይህ ማለት ግን ስለ የትኛውም ፕሮግራም ምንም ማለት አይቻልም ማለት አይደለም። አባላቱ «ይቆማል»፣ «አይቆምም»፣ «አላውቅም» የሚል መርማሪ ጽፈዋል። ሦስተኛው መልስ ስለተፈቀደለት መርማሪው በሚያውቀው ላይ አይሳሳትም፤ በብዙ ቀላል ፕሮግራሞች ላይም ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል።

ዓመቱን የጨረስነው በቱሪንግ ማሽኖች ነው፤ እነዚህ በጥብጣብ ላይ ምልክት እያነበቡና እየጻፉ፣ ከአንድ ውስጣዊ «ሁኔታ» ወደ ሌላው እያለፉ የሚሠሩ ምናባዊ ኮምፒውተሮች ናቸው። ከባዶ ጥብጣብ ተነሥተው 0 እና 1 ብቻ ከሚጽፉ፣ ከመቆሚያው ሌላ ሁለት ሁኔታ ብቻ ካላቸው ማሽኖች መካከል፣ ከሚቆሙት ረጅሙን የሚሄደው 6 እርምጃ ይሄዳል። ይህን አባላቱ በወረቀት ላይ በእጃቸው ተከታትለውታል። ለአምስት ሁኔታ ቁጥሩ 47,176,870 መሆኑ የተረጋገጠው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በመጪው ዓመት ባለ ሦስት ሁኔታዎቹን እንጀምራለን፤ ረጅሙ 21 እርምጃ ስለሆነ እሱንም በእጅ መከታተል ይቻላል።