ደብዳቤ ለልጄ፦ ቦርሳውን ከመግዛትሽ በፊት

ለውድ ልጄ ለሕይወት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ዳዊት እንዴት ነው? ናሆምስ ሳሉ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክሽልኝን የተዘጋጀ የአደጋ ጊዜ ቀይ ቦርሳ ፎቶ አየሁት። «ለ3 ቀን የሚበቃ፣ 120 ዕቃ የያዘ» ይላል። ልግዛው ወይስ ራሴ ላሰናዳ ብለሽ ጠይቀሻል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ በሌሊት ተቃጥሏል፤ ስለዚህ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። መልሴ ግን አትግዢው ነው። ራስሽ አሰናጂው፤ መሠራት የሌለባቸውን ዕቃዎች ብቻ ለየብቻ ግዢ። የትኛው የት እንደሚገባ ከዚህ በታች እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ያንን 120 ዕቃ ቁጠሪው። አብዛኛው የቁስል ፕላስተር ነው፤ እያንዳንዷ ፕላስተር እንደ አንድ ዕቃ ተቆጥራለች። ቀጥሎ መንጠቆ፣ የዓሣ ክር፣ የሽቦ መጋዝና ኮምፓስ ይመጣል። ይህ ጫካ ውስጥ ለጠፋ ሰው የታሰበ ነው፤ አንቺ ያለሽው ልደታ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው ባለ 125 ሚሊ ሊትር ከረጢት ነው፤ ስምንቱ ተደምሮ አንድ ሊትር ይሞላል። ምግቡ 3,600 ካሎሪ ያለው ደረቅ ብስኩት ነው፤ ለ3 ቀን ሲካፈል በቀን 1,200 ይደርሳል፣ ያውም ለአንድ ሰው። እናንተ ሦስት ናችሁ። ውስጡ የሚጠቅም ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ የሚያብለጨልጨው ስስ ብርድ ልብስ ጥሩ ነው፣ ለየብቻው ካገኘሽ ሁለት ግዢ። እሱም ቢሆን የሰውነትን ሙቀት ይመልሳል እንጂ ራሱ አያሞቅም፤ ጋቢ ለብሰሽ ከላይ ትደርቢዋለሽ።

ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከቦርሳው ይልቅ የቤቱ ሥራ ነው። ለመጠጥና ለትንሽ ጽዳት ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዢ፤ ለሦስት ሰው ለ3 ቀን 36 ሊትር ይሆናል። ሁለት ባለ 20 ጄሪካን ይበቃል ትይ ይሆናል፤ እኔ ግን አራት ባለ 10 እመርጣለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሦስቱ ይተርፋሉ፤ ባለ 20ውን ደግሞ አንቺ በደረጃ ይዘሽ አትወርጅውም። የምግብ ዘይት የነበረበት ጄሪካን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ከታጠበ ይሆናል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ኬሚካል የነበረበት ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም፣ ፕላስቲኩ ጠጥቶታል። አፉ ጠባብ ይሁን። ሰው ኩባያ እየነከረ የሚቀዳበት ዕቃ በሁለት ቀን ውስጥ ይቆሽሻል። ክዳኑን አጥብቀሽ፣ የሞላሽበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ፣ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። በ6 ወር አንዴ ልብስ እጠቢበትና አዲስ ሙዪ።

ያ ካለቀና ከሮቶ ወይም ከሌላ ቦታ መቅዳት ግድ ከሆነ፣ የደፈረሰውን አዝቅጪው፣ በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልዪው፣ ከዚያ ነው የሚታከመው። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ካለሽ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሪና 30 ደቂቃ ጠብቂ። በረኪና የምትጠቀሚ ከሆነ ሽታ ያልተጨመረበትና መጠኑ የተጻፈበት ይሁን፤ ከ5 እስከ 6 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ ነው፣ ለደፈረሰ 4። በየሱቁ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን ለወለል ተይው፤ ጥንካሬው አይታወቅም፣ ከከረመም ኃይሉን ያጣል። የማፍላት ነገር ደግሞ እዚህ ከተማ የተለየ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ሲጀምር አታውርጂው፤ 3 ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ።

አሁን ወደ ቦርሳው። ሁለት ይሁኑ፣ አንድ ለአንቺ አንድ ለዳዊት፤ የድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይበቃል። ማንገቻው ከቦርሳው የተገናኘበትን ስፌት ሳቢው፤ ክሩ ከሳሳ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ በወፍራም ክር አስደግሚው፤ ቦርሳ የሚበጠሰው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ከ6 ኪሎ አይለፍ። ናሆም ደረጃ ላይ ቢደክመው ከሁለት አንዳችሁ ታዝሉታላችሁ፤ ያኔ ቦርሳው ደረት ላይ ይዞራል። በየቦርሳው ሁለት ሊትር ውሃ፣ አንድ ኪሎ በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎ ይግባ።

በሶን የሚተካ ብስኩት አላውቅም። ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ አንድ ኪሎ በሶ ወደ 3,500 ካሎሪ ይሰጣል፣ ማለትም ያንን የውጭ ብስኩት ያህል። ጾምም ቢሆን ይበላል። እንዲህ አድርጊው፦ 150 ግራም በሶ ከትንሽ ጨውና ስኳር ጋር ቀላቅለሽ በሚዘጋ ትንሽ ፌስታል ውስጥ አድርጊ፣ አየሩን በእጅሽ ጠፍጥፈሽ አውጪና ዝጊ። አንዱ ፌስታል የአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው። ሲያስፈልግ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ በሶውን ጨምረሽ በጥብጪው፤ በሶው ከቀደመ ከታች ይጓጉላል። በሶ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፦ እርጥበት ሲያገኘው ይነቅዛል፣ ሲከርም ቅባቱ ይሸታል። ስለዚህ በ3 ወር አሮጌውን ብሉትና አዲስ ተኪ። ቆሎውም ገብስና ሽንብራ ብቻ ይሁን፤ ሱፍና ኦቾሎኒ ቶሎ ይሸታሉ። ዳቦ ቆሎም በዘይት ስለሚሠራ ለዚህ አይሆንም።

የናሆም ፓፍ፣ ማለትም ተጭነው የሚስቡት የአስም መድኃኒቱ። ይህን ከሁሉ አብልጠሽ እንድታነቢልኝ እፈልጋለሁ፤ ሕንፃ ሲፈርስም ሲቃጠልም የሚነሳው አቧራና ጭስ መጀመሪያ የሚያጠቃው የአስም ልጅን ነው፣ የትኛውም የተዘጋጀ ቦርሳ ደግሞ ፓፍ አይዝም። ሁለተኛ ፓፍ በሐኪሙ አጽፊና ቦርሳው ውስጥ አድርጊ። ቤት ያለው ትልቁ ስፔሰር፣ በፓፉና በአፉ መካከል የሚገባው ባዶ ዕቃ፣ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። ጠርሙሱን አጥበሽ አድርቂው። የፓፉን አፍ ግርጌው ላይ አድርገሽ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሪ። ሽቦ አግለሽ ከመስመሩ በትንሹ ወደ ውስጥ ገባ እያልሽ ቆርጠሽ አውጪው። ቀዳዳው ከፓፉ አፍ ትንሽ ይጥበብ፤ ገፍተሽ ስታስገቢው ይነክሳል። ሰፋ ካለ መድኃኒቱ በጎን ያመልጣል፤ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልይው። ጠርዙን በጣትሽ ዳብሺ፣ የተረፈ ፍርፋሪ ፕላስቲክ ካለ እንዳይተነፍሰው አራግፊ። ከዚያ በፈሳሽ ሳሙና አጥበሽ ሳትወለውዪው ይድረቅ፤ በጨርቅ የተወለወለ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ናሆም የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ፓፉን ነቅንቀሽ አንዴ ትጫኚያለሽ፣ እሱ ቀስ ብሎ አምስት ስድስት ጊዜ በዚያው ውስጥ ይተነፍሳል። ሁለት ጊዜ አከታትለሽ አትጫኚ፤ ለሁለተኛው እንደገና ነቅንቂ። ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ሐኪሙ ያዘዘው ነው። በደህና ቀን አስለምጅው፣ ሲያፍነው ለመጀመሪያ ጊዜ አይየው።

ለቁስል ከፕላስተር ይልቅ የደም መፍሰስን የሚያቆም ነገር ያስፈልጋል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ጎዝ አሥር፣ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ፋሻ አራት፣ ጓንት አራት ጥንድ፣ መቀስ፣ መርፌ ቁልፍ። ይህን ከፋርማሲ ግዢ፤ ጎዝ ንጹሕ ሆኖ የታሸገ መሆን አለበት። እጅ ማንጠልጠያ ግን አይገዛም፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አቡጀዲ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ስትቆርጪው ሁለት ይወጣል። ደም ሲፈስ ጎዙን አድርገሽ 10 ደቂቃ አጥብቀሽ ያዢ፤ ቆመ ወይ ብሎ እየገለጡ ማየት የረጋውን ይቀደዋል። ጎዙ ከራሰ በላዩ ደርቢ፣ የታችኛውን አታንሺ። የተቃጠለ ላይ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ፤ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦ አር ኤስ ስድስት ከረጢት ያዢ፤ አንዱ ለአንድ ሊትር ነው። ቤት ውስጥ በስኳርና በጨው ይሠራል፣ ግን በጨለማ ጨው የበዛበት ለልጅ አደገኛ ስለሆነ የታሸገውን ይዘሽ ተገኚ።

ባትሪ ሁለት፣ አንዱ በግንባር የሚታሰር ይሁን፤ ልጅ ያቀፈች ሴት ባትሪ የምትይዝበት እጅ የላትም። ድንጋዩን ውስጡ ትተሽ አታስቀምጪ፤ ርካሹ ድንጋይ በወራት ውስጥ ፈስሶ ሽቦውን ይበላዋል። አውጥተሽ በፌስታል አስረሽ ከጎኑ አድርጊ። ተሰክቶ የሚሞላው ርካሽ ባትሪ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል፣ ለዚህ አይሆንም። ፓወር ባንክ ስትገዢ ቁጥሩን ሳይሆን ክብደቱን እመኚ። ትክክለኛው ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ወደ 200 ግራም ይመዝናል፤ «30,000» የሚል ተጽፎበት እሱኑ የሚያህል ወይም የሚቀል ከሆነ ውሸት ነው። እውነተኛው 10,000 ራሱ ወደ ስልክ የሚያስተላልፈው 6,000 አካባቢ ነው፣ ቀሪው ኃይሉን ሲለውጥ ይባክናል። በ3 ወር አንዴ ሙዪው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ካለሽም ጨምሪ፤ ኤፍ ኤም 97.1 ላይ አስተካክለሽ ተይው።

ሻማና ክብሪት ቦርሳ ውስጥ አያስፈልጉም። መሬት ከተንቀጠቀጠ በኋላ የሲሊንደሩ ቱቦ ተላቆ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ቆመሽ ላይሸትሽ ይችላል። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኪ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ በፍጹም። የሚገድለው አየር ሽታ የለውም፤ ጭሱ ቢያልቅም ፍሙ እያወጣው ነው።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ የመታወቂያችሁ፣ የናሆም የልደት ሰርተፊኬትና የሐኪም ማዘዣው ፎቶ ኮፒ በፌስታል። ጥሬ ገንዘብ በ10፣ በ50ና በ100 ብር ዝርዝር፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ቴሌብር አይሠራም፣ 200 ብር ዘርዛሪ አታገኚም። 939 የእሳት፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 የፖሊስ፣ ከስሩ የደብረ ብርሃኑን የአጎትሽን ቁጥር ጻፊ። አዲስ አበባ መስመር ቢጨናነቅ ሁላችን ለእሱ መልእክት እንጽፍለታለን፤ ጽሑፍ ጥሪ በማያልፍበት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ፊሽካ ደግሞ ሦስት፣ የናሆም አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ይሁን።

ቦርሳዎቹ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ይሰቀሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብስ ስር ከገቡ የሉም ማለት ነው። የሦስታችሁም ጫማ በፌስታል ታስሮ አልጋ ስር ይደር፤ መስታወት ከረገፈ ባዶ እግር በሩ ድረስ አያደርስም። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ግን ለቦርሳም ሆነ ለደረጃ አትሩጡ፤ ጠረጴዛ ስር ገብታችሁ እግሩን ያዙ፣ ሲቆም ትወጣላችሁ።

አቡጀዲውን እኔ አለኝ፣ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ሁለቱን ቦርሳ ሙሉና መብራት አጥፍታችሁ በግንባሩ ባትሪ ብቻ እስከ ምድር ቤት ውረዱበት። የከበደውን፣ የተንኳኳውንና ፈልጋችሁ ያጣችሁትን ጻፊልኝ፤ ስመጣ አብረን እናስተካክለዋለን።

ናሆምን ሳሚልኝ።

እናትሽ