ስለ ሐሙስ ሌሊቱ ሽንፈት፣ ቺካጎ ላለው ልጄ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናትህም እኅትህም እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ሐሙስ ሌሊት በቺካጎ ከብስ 9 ለ 8 ተሸንፎ ከውድድሩ ከወጣ በኋላ፣ ዓርብ ጠዋት የላክኸውን አጭር መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። «ሎባቶን ጉድ ሠራን፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤዝቦል የሚባል አላይም» ብለህ ተጫዋቻችንን መርገምህ እምብዛም አላስገረመኝም፤ እኔም በዚያ ሌሊት ከዚህ የባሰ ተናግሬአለሁ። ቅር ያለኝ፣ የቺካጎ ልጆች በመተላለፊያው ላይ እየጮኹ ሲጨፍሩ አንተ በርህን ዘግተህ፣ ድምፁን አጥፍተህ፣ አራት ሰዓት ከ37 ደቂቃ የፈጀውን ጨዋታ ብቻህን መጨረስህ ነው። ስለዚህ እኛ እዚህ ሆነን እንዴት እንዳየነውና ከተሸነፍን በኋላ ምን እንደተባባልን ልጽፍልህ አሰብኩ። በስልክ ብጀምርልህ ከዘጠኙ የጨዋታው ክፍሎች አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ስንደርስ እንደምትዘጋብኝ አውቃለሁ።

የተሰበሰብነው ከሥራ ስንወጣ ዘወትር በምንበላበት ምግብ ቤት ነበር። አብዛኞቻችን ታክሲ ነጂዎች ነን፤ አንተ «ጋሼ» የምትላቸው የመኪና ማቆሚያው ሽማግሌም መጥተው ነበር። ባለቤቷ ሌላ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከእንግሊዝ ኳስ ላይ የምታነሣው በብዙ ልመና ነው፤ ሐሙስ ዕለት ግን ራሷ አዘጋጅታ ጠበቀችን። ለእንግዳ ሰው ነገሩ ሊያስገርመው ይችላል፤ እኛ ግን ይህን ጨዋታ የተማርነው በአውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ ስንጠብቅ ከመኪና ሬዲዮ ነው። ተራውን የሚጠብቅ ታክሲ ነጂ፣ ሰዓት የማይቆጠርለትን ጨዋታ ለመስማት ከማንም የተሻለ ጊዜ አለው። አንዳንዶቻችን ስታዲየም በእግራችን ሳንረግጥ በፊት የትኛው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) በስንተኛው ኢኒንግ እንደሚደክም እናውቅ ነበር።

አጀማመሩን አንተም አይተኸዋል። በሁለተኛው ኢኒንግ የእኛው መርፊ ሆምራን (ከሜዳው አልፋ የምትወጣ ምት) መታ፤ ማይክል ቴይለር ደግሞ ባለ ሦስት ነጥብ ሆምራን አስከተለና 4 ለ 1 መራን። ቴይለር በዋዜማው እዚያው አንተ ባለህበት ከተማ ባለ አራት ነጥቡን መትቶ ስለነበር፣ ከመካከላችን አንዱ «ይህ ልጅ የተባረከ ነው» እያለ በየጠረጴዛው ዞረ። ከብስ ሁለት ነጥብ መልሶ 4 ለ 3 ሲሆን እንኳ ማንም አልደነገጠም፤ ለአምስተኛው ኢኒንግ የሚወጣው ማክስ ሸርዘር ነዋ! ባለፈው ዓመት ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት የወሰደ፣ በቡድናችን ካሉት ፒቸሮች ሁሉ የላቀ ሰው ኳሱን ሲይዝ፣ ነገ ጠዋት የሚሠሩት ተነሥተው ሂሳብ ጠየቁ።

ይህችን ኢኒንግ በዝርዝር የማነሣው አንተን ለማስቆጨት አይደለም፤ ሎባቶንን በከሰስክበት ጉዳይ ላይ ዋናዋ ማስረጃዬ ስለሆነች ነው። ሸርዘር ሁለቱን ሰዎች በቶሎ አስወጣ፤ ኢኒንጉን ለመዝጋት የቀረው አንድ አውት፣ ማለትም አንድ መቺ ማስወጣት፣ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የከብሱ ኮንትሬራስ ከውስጠኛው ሜዳ ባልወጣች ኳስ አንደኛ ቤዝ (ሯጩ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች የመጀመሪያው) ደረሰ፣ ዞብሪስት ተከተለው፣ ራስል ሁለቱንም አስገባቸውና 5 ለ 4 ተመራን። ሄይዋርድን ሆን ብለን አሳለፍነው። ባኤዝ ሦስተኛውን ስትራይክ ስቶ ኢኒንጉ አለቀ ስንል፣ ኳሷ ከመቺው ኋላ ሆኖ በሚይዘው በካቸራችን በዊተርስ እግሮች መካከል ሾልካ አለፈች፤ ዊተርስ ሮጦ ይዞ ወደ አንደኛ ቤዝ ቢወረውራት ወደ ቀኙ ሜዳ ጠፋችበትና አንድ ነጥብ ገባ። የባኤዝ ዱላ ተመልሶ ጭምብሉን ስለመታው ዊተርስ ለዳኛው አቤት ቢልም፣ ዳኛው ኳሷ አስቀድማ አልፋሃለች ብሎ ውሳኔውን አጸና። ይህም ሳይበቃ፣ ለጥቆ የመጣው መቺ ዱላ ከዊተርስ ጓንት ጋር ተነካካና መቺው በነፃ አንደኛ ቤዝ ተሰጠው፤ ቤዞቹ ሁሉ በሞሉበት ሸርዘር የሚቀጥለውን ሰው በኳስ መታውና ሌላ ነጥብ በነፃ ገባ፤ 7 ለ 4። እዚህ ሀገር ስንት ዘመን ቤዝቦል ሲከታተሉ የኖሩ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ኢኒንግ አላየንም ይላሉ። ሂሳብ የጠየቁት ሰዎች ተመልሰው ተቀመጡ።

ያስደነቀኝ ግን ተስፋ አለመቁረጣቸው ነው። 8 ለ 4 ሆኖ እንኳ አንድም ሰው አልወጣም፤ 8 ለ 6 ስንሆን የተቀመጠ አልነበረም። ወደ መጨረሻዎቹ ኢኒንጎች ስንደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ዓርብ ስለገባ የተረፈው ጥብስ ሳይነካ ተነሣ፤ ባለቤቷም ያለትእዛዝ ሽሮ አመጣችልን።

በስምንተኛው ኢኒንግ የሆነውን እንዲህ አስታውሰው። ሁለት ሰዎቻችን ቤዝ ላይ እያሉ የእኛው ሊንድ መጀመሪያ በተወረወረለት ኳስ ሁለት አውት አስቆጠረብን። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስል ነበር፤ ግን ቴይለር መትቶ ልዩነቱን ወደ አንድ ነጥብ አጠበበው፤ 9 ለ 8፤ ከእርሱ ቀጥሎ በሚገባ መትቶ ቴይለርን ወደ ሁለተኛው ቤዝ ያሻገረው ደግሞ አንተ የምትረግመው ሎባቶን ነው። እርሱ ባይመታ ኖሮ ሊጠፋ የሚችል ዕድል ራሱ አይኖርም ነበር። ከዚያ ሎባቶን ወደ አንደኛው ቤዝ ሲመለስ የከብስ ካቸር ኮንትሬራስ ወደዚያው ወረወረና ሪዞ በኳሷ ሲነካው ዳኛው ደኅና ነው፣ አልወጣም ብሎ እጁን ዘረጋ። ከብስ በቪዲዮ ይታይልን ሲል ዳኞቹ ማዳመጫ በጆሮአቸው አድርገው ቆሙ፤ እኛም በዝግታ የሚደገመውን ምስል ስናይ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል ያልተናገሩት ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «እግሩን አንሥቷል» አሉ። ከአጠገባቸው ያለው ሰው «ኧረ ጋሼ!» ብሎ ሊቆጣ ሲል ምስሉ እንደገና መጣ፤ ሪዞ ነክቶት ሳለ የሎባቶን ጫማ ለቅጽበት ከቤዙ ተነሥቷል። የጣት ውፍረት እንኳ አይሆንም። ዳኛው አውት አለ፤ በዘጠነኛውም ብራይስ ሃርፐር ዱላውን በባዶ አየር ወዝውዞ የዓመቱ የመጨረሻ አውት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተፈጠረው ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር፤ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ ወሬ፣ ከዚያም ሳቅ። አንዱ ሸርዘርን ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ማስወጣት ስሕተት ነበር አለ፤ ሌላው ጥፋቱ የዊተርስ ነው አለ፤ ሌላው ዋርዝ በስድስተኛው ኢኒንግ በመብራቱ መካከል ያጣትን ኳስ አነሣ፤ አንዱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ደስቲ ቤከር ውሉ በዚህ ዓመት ስለሚያልቅ ይሰናበት፣ አይሰናበት በሚል ከጓደኛው ጋር ጠብ ሊገጥም ደረሰ። ልብ ብዬ ስሰማቸው ሁሉም ወንጀለኛ ፍለጋ ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። በአንድ ነጥብ የተሸነፈ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ አይሆንለትም፤ የሚከራከረው ቆይታውን ለማራዘም ነው። በ10 ለ 0 ብንሸነፍ ኖሮ ሁላችንም በስድስተኛው ኢኒንግ ተኝተን ነበር።

ከዚያ ሦስታችን ለሥራ ወደ ስታዲየሙ አካባቢ ወረድን። ቀያይ ሹራብ የለበሰው ሕዝብ በሀፍ ስትሪት ላይ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ድምፅ ግን የለም። እኔ የጫንኳቸው ሦስት ሰዎች በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ብቻ የተገናኙ የማይተዋወቁ ነበሩ፤ ሁለቱ ጎረምሶች፣ አንዱ የዚሁ ከተማ ተወላጅ የሆኑ ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ። ድልድዩን እስክንሻገር ማንም አልተነፈሰም። በኋላ አንዱ ጎረምሳ ስለ ሎባቶን ልክ አንተ የጻፍከውን ዓይነት ቃል ሲወረውር ሽማግሌው ሴናተርስ የሚባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ቴክሳስ ከሄደ በኋላ ከተማው እስከ 2005 ድረስ ያለ ቡድን መቅረቱን፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ጨዋታ ለማየት ባልቲሞር ድረስ ይሄዱ እንደነበር፣ እግሩን ያነሣ ተጫዋች እንኳ የሚረግሙት አጥተው መኖራቸውን ነገሩት። ልጁ ትንሽ አሰበና ዛሬ ማታስ ቢሆን ባልቲሞር መሄዱ ይሻለኝ ነበር ሲላቸው፣ ሽማግሌው እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ እስኪወርዱ ድረስ ሦስቱም ሸርዘርን ሲያነሡና ሲጥሉ፣ እኔም ከፊት ሆኜ የማውቀውን ሳዋጣ፣ ሁለት መታጠፊያ አሳልፈን መሄዳችንን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሴንት ሉዊስ ጋር 6 ለ 0 እየመራን ቆይተን፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ ለማለፍ አንድ ስትራይክ ብቻ ሲቀረን 9 ለ 7 የተሸነፍንበትን ሌሊት ታስታውሳለህ፤ ሶፋው ላይ ከእናትህና ከእኔ መካከል ተቀምጠህ ነበር፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብትሆንም አለቀስክ። አምናም በሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ 4 ለ 3 ስንሸነፍ ኩሽና ቆመን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስለ ፒቸራቸው ስለ ከርሾው ስናወራ ነበር። ሦስቱም በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ፣ ሦስቱም በገዛ ሜዳችን ነው፤ እውነት ለመናገር ይህ ቡድን በጥቅምት ወር የሚያደርገው ነገር አንጀት ያሳርራል። ነገር ግን በሁለቱ ጊዜያት በማግሥቱ ቁርስ ላይ ስለሚቀጥለው ዓመት ያወራኸው አንተ ነበርክ። የዘንድሮው ልዩነት ሽንፈቱ የከፋ መሆኑ ሳይሆን አብሮህ የሚበሳጭ ሰው ማጣትህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። መጀመሪያ፣ እሑድ በብሮድዌይ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሄደህ ምሳ ብላ፤ ቀዩን ሹራብህን ለብሰህ ግባ። እዚያ ያሉት የከብስ ደጋፊዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁን፤ እስከ አምና ድረስ ዋንጫ ሳያዩ 108 ዓመት የጠበቀ ቡድን ደጋፊዎች ስለ ሽንፈት ሲያወሩ ከማንም በላይ ያውቁበታል። ሁለተኛው፣ የመቺው ዱላ ተመልሶ ካቸሩን ሲመታ ሕጉ ምን እንደሚል ከደንቡ መጽሐፍ አንብበህ በዝርዝር ጻፍልኝ። ክርክሩን ከቅዳሴ በኋላ ልንቀጥል ተቀጣጥረናል፤ እኔ ኳሷ ሞታ (ጨዋታው ቆሞ) ነጥቡ መሰረዝ ነበረበት ብያለሁ፤ ጋሼ ደግሞ ዳኛው ትክክል ነው ብለው ድርቅ ብለዋል፤ ሁሉም ሰው አንተ የምትልከውን እየጠበቀ ነው። ጥቅሱን በእንግሊዝኛ ብትልከው ግድ የለም፤ አስተያየትህን ግን በአማርኛ አድርገው፤ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

የሚወድህ አባትህ