ጆ ሂኒ እና የሙዚቃ ክበባችን

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በአንድ ክራር ነው። ልጆቹ ደግሞ አሥራ አራት ናቸው። ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ተራ ሲጠብቁ ይሰለቻሉ። መሣሪያ የማይፈልግ ዘፈን ስፈልግ እዚሁ ሲያትል ያረፈ አንድ የአየርላንድ ዘፋኝ አገኘሁ፤ ጆ ሂኒ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1919 በምዕራብ አየርላንድ፣ ካርና በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። አፉን የፈታው በአይሪሽ ቋንቋ ነው። አዘፋፈኑን «ሻን ኖስ» ይሉታል፤ የድሮው ወግ እንደማለት ነው። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ፣ ድምፅ ብቻ። ዜማው ይታጠፋል፣ ይርገበገባል። መጀመሪያ ሳሰማቸው አንዷ «ቲቸር፣ እንጉርጉሮ ነው እንዴ?» አለችኝ። ጆሮዋ ደስ አለኝ።

ኑሮው ይበልጥ ነካቸው። ሂኒ በስኮትላንድና በእንግሊዝ በስደት ኖረ። በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖች በቃሉ የያዘ ሰው፣ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ባለ ሕንፃ ለዓመታት በረኛ ነበር። በኋላ ነው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው። በ1982 አሜሪካ ለባህል ጥበበኞች የምትሰጠውን ብሔራዊ ሽልማት አገኘ፤ በ1984 አረፈ። ይህን ስነግራቸው አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «የኔም አባት ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ፉከራ ይችላል።» በሳምንቱ አባቱን ይዞ መጣ። ክፍሉ ተናወጠ! ልጁ አባቱን እንደዚያ ቀን ቀና ብሎ ሲያይ አላየሁም።

በዐቢይ ጾም የሦስቱን ማርያሞች ልቅሶ አዳመጥን። ካርና ውስጥ የስቅለት ሰሞን የሚባል ነው። እመቤታችን ጴጥሮስን ስለ ልጇ ትጠይቀዋለች፤ በየስንኙ መሃል «ኦኾን» የሚል የሐዘን ቃል ይመላለሳል። ቋንቋውን ማናችንም አንችልም። ሙሾ መሆኑን ግን ማንም መንገር አላስፈለገውም።

ሂኒ ከመዝፈኑ በፊት የዘፈኑን ታሪክ ያወራ ነበር። እኛም ደንብ አደረግነው፤ ታሪኩን ያላወቀ አይዘፍንም። ልጆቹ አያቶቻቸው ጋር መደወል ጀመሩ። ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ማርቆስ። እሹሩሩው ከማን እንደመጣ፣ ማን በምን ሐዘን እንዳንጎራጎረው ጽፈው ይመጣሉ። አማርኛቸው በዚህ ዓመት የተፈታው በኔ ትምህርት ሳይሆን በነዚያ ስልኮች ነው።

በአይሪሾቹ ዘንድ ሰው ሲዘፍን ከጎኑ ያለው እጁን ይይዘዋል። ይህንንም ወሰድን። በሰኔው ዝግጅት በጣም ዓይን አፋሯ ተማሪያችን የአያቷን እሹሩሩ ልታወጣ ተነሳች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ስንኙ ጠፋት። አያቷ ከፊት ወንበር ተነስተው መጡና እጇን ያዙ። አብረው ጨረሱት።